ለአንድ ቀን ሃይኪንግ የሚከፈለው ገንዘብ ምን ይገዛል? በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚሸጠው የእግር ጉዞ አገልግሎት ሲመዘን

ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ከመሀል ከተማ የሚነሱት ኮስተሮች ተጓዥ ጭነው ወደ እንጦጦ ጀርባ፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን፣ ወደ የረር ወይም ወደ ፉሪ ተራራ ያመራሉ። የሚሸጠው አገልግሎት ከአዘጋጅ አዘጋጅ ብዙ አይለያይም። ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የመግቢያ ክፍያ፣ መንገድ መሪና ፎቶ አንሺ አለው፤ አንዳንዱም ቲሸርትና ሰርተፍኬት ይጨምርበታል። እዚህ የምንመዝነው አንድን ድርጅት ለይተን አይደለም። የምንመዝነው ራሱን አገልግሎቱን ነው፤ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ በቡድን የሚሄዱበት የአንድ ቀን ጉዞ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። መስተንግዶው ጥሩ ነው። መኪናው በሰዓቱ ይመጣል፣ ሰዉ ይግባባል፣ ብቻውን ዳገት ሊወጣ የማይደፍር ሰው አብሮት የሚሄድ ያገኛል። ችግሩ ያለው «ተሳካ» የሚባለው ነገር ላይ ነው። አብዛኛው አዘጋጅ ጉዞው ተሳካ የሚለው ጫፍ ላይ ባነር ተዘርግቶ ፎቶ ሲነሳ ነው። በዚህ አቆጣጠር በባትሪ መብራት የወረደ ቡድንም፣ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ የገባ ሰውም፣ ከግማሽ መንገድ ጀምሮ ማንም ያላየው ጀማሪም በተሳካ ጉዞ ውስጥ ይቆጠራሉ። እኛ የረጅም መንገድ ጉዞን የምንመዝነው በመጨረሻው ሰው ነው። ኋላ የቀረው ተጓዥ ብርሃን ሳለ፣ በራሱ እግር፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ በሚያስችለው ሁኔታ መኪናው ጋ ከደረሰ ጉዞው ተሳክቷል፤ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም።

ይህ የሰነፍ ሰው ማጽናኛ እንዳይመስል፣ ርዝመት በእውነት የሚፈተንበትን መንገድ እንመልከት። በአሜሪካ ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠው የአፓላቺያን ትሬይል ከ3,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአንድ ወቅት ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ ከሚነሱት መካከል የሚሳካለት ከአራት አንዱ ገደማ ነው። ሆኖም መንገዱን የሚያስተዳድረው ተቋም እውቅና የሚሰጠው በአንድ ትንፋሽ ለጨረሰ ብቻ አይደለም። በተለያዩ ዓመታት፣ በፈለገው ቅደም ተከተል፣ ቁርጥራጩን እያገጣጠመ ሙሉውን የሄደ ሰውም እኩል ይመዘገባል። ወይዘሮ ኤማ ጌትዉድ የተባሉ አሜሪካዊት በ1954 እ.ኤ.አ. ከዚሁ መንገድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነስተው መንገድ ጠፋባቸው፤ መነጽራቸውም ተሰበረ፤ በጠባቂዎች ምክር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዓመቱ በ67 ዓመታቸው በሸራ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ የጨርቅ ከረጢት አንግተው ሙሉውን ጨረሱ። በ1954 ባይመለሱ ኖሮ 1955 የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ወደ እኛው አገልግሎት ስንመጣ «እንመለስ» የሚለው ቃል በአስጎብኚው አፍ ውስጥ ጨርሶ የለም።

የሌለበት ምክንያት ሒሳቡ አስቀድሞ ስለማይሠራ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ቀላል ነው። ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ሌላ አንድ ሰዓት። መናገሻ ሱባ ገብቶ ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ወጥቶ መመለስን እንውሰድ። ደርሶ መልሱን 20 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱን 900 ሜትር እንበለው፤ መኪናው የቆመበት ቦታ ይህን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። አራት ሰዓት ለርቀቱ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ለዳገቱ፣ በድምሩ አምስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ይህ ግን ለሰለጠነ እግርና ዕረፍት ለማይወስድ ሰው ነው። ለአርባ ሰው ቡድን፣ ለፎቶ፣ ለምሳና ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚሳሳው አየር ግማሹን መጨመር ግድ ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ይመጣል።

አሁን በቀኑ ላይ እናስቀምጠው። ኮስተሩ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ፤ ሰበታ ላይ ቁርስ አንድ ሰዓት ወሰደ፤ በር ላይ ምዝገባና ክፍያ፣ ከዚያ «ዋርም አፕ» እና የትውውቅ ጨዋታ። እግር መንገድ የሚጀምረው 3 ሰዓት ተኩል ነው። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲደመርበት ከምሽቱ 11 ሰዓት ከ45 ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓትን ጥቂት ደቂቃ አለፍ ብላ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ማምሻው አጭር ስለሆነ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ደን ውስጥ እግርህን አታይም። መጠባበቂያው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ወይም አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ ይበላዋል። መፍትሔው ጫፉን መሰረዝ አይደለም፤ 2 ሰዓት ከ45 ላይ እግር መንገድ መጀመር ነው። ያኔ ጫፍ 8 ሰዓት ይደረሳል፣ መኪናው ጋ 11 ሰዓት ይገባል። ቁርሱን አውቶቡስ ውስጥ በዳቦና በእንቁላል፣ በጾም ደግሞ በለውዝና በሙዝ መጨረስ ይበቃል፤ ፍርፍሩ ለማታ ይቆይ። የመመለሻ ሰዓትም ጠዋት ላይ ለሁሉም ይነገር፦ «8 ሰዓት ላይ የትም ብንሆን እንዞራለን»። ይህን ዐረፍተ ነገር ጠዋት ያልተናገረ መሪ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሊናገረው አይችልም፤ ጫፉ እየታየው «ትንሽ ነው የቀረን» የሚል ሰው አይጠፋምና።

ሁለተኛው ብልሽት የዕረፍት አሰጣጥ ነው። ከውጭ ሲታይ ጥቃቅን ይመስላል፤ ሰው የሚሰብረው ግን እሱ ነው። ፈጣኖቹ ቀድመው ደርሰው ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። የመጨረሻዋ ተጓዥ እያለከለከች ስትደርስ «በቃ ሁሉም ደርሷል፣ እንሂድ» ይባላል። ስለዚህ ማረፍ የማያስፈልገው ያርፋል፣ የደከመው አያርፍም። ይህ አራት ጊዜ ሲደጋገም የኋለኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ሳይቀመጥ ነው የሚሄደው። ውሃ ለመጠጣትም ቦርሳ ለመክፈትም፣ ጫማው ውስጥ የገባውን ጠጠር ለማውጣትም ጊዜ የለውም። ጠጠሯ ውሃ የቋጠረ እግር ትሆናለች። ሕጉ መሆን ያለበት ዕረፍት የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ ነው፤ ቢያንስ አስር ደቂቃ። ፈጣኖቹ ይብረዳቸው፣ ሹራብ ይደርቡ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ደጀን ነው። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ ደጀን ከኋላ፣ በየአስር ሰው አንድ ረዳት መሀል ላይ ያስፈልጋል። ደጀኑ ማንንም አይቀድምም፤ ፎቶም አያነሳም። በብዙ ጉዞዎች ላይ የኋላውን ቦታ የሚይዘው ፎቶ አንሺው ነው፣ እሱም ጥሩ ምስል ሲያገኝ ሮጦ ወደ ፊት ይሄዳል። መንገድ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ተቁሞ ጭንቅላት ይቆጠራል። ቆጠራው አውቶቡስ ላይ ከተመዘገበው ቁጥር ጋር ካልገጠመ አንድ እርምጃ አይኬድም። በየሸለቆው ኔትወርክ ስለሚጠፋ «ስልክ እንደውልለታለን» የሚለውን እንደ ዕቅድ አትቁጠሩት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ግን አምቡላንሱ የሚደርሰው መኪና መንገድ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ስድስት ኪሎ ሜትር ሰው ተሸክሞ መውረድ ስምንት ብርቱ ሰውና ቃሬዛ ይጠይቃል። አዘጋጁን ቃሬዛ እንዳለው ጠይቁት።

መንገዶቹ እኩል አይደሉም፤ «ለጀማሪ ተስማሚ» የሚለው ማስታወቂያም ለሁሉም እኩል አይሠራም።

እንጦጦ ቀላሉ ነው። ከሽሮ ሜዳ በኩል ዳገቱ አናት ሲደረስ፣ ማርያምና ራጉኤል አካባቢ፣ ቀሪው ባብዛኛው በሸንተረሩ ላይ የሚሄድ ነው። ጥሩ ጎኑ በየትኛውም ነጥብ ላይ ወደ ከተማ ወይም ወደ ሱሉልታ መንገድ መውረድ መቻሉ ነው፤ የደከመ ሰው ታክሲ ያገኛል። ለመጀመሪያ ረጅም ጉዞ ይህ «መውጫ» ከኪሎ ሜትሩ ይበልጥ ዋጋ አለው። ከባሕር ዛፉ መሀል ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች መንገዱን ቀድሞ መልቀቅ ያለበት ተጓዡ ነው፤ ያንን ሸክም ይዞ ዳገት ላይ ቆሞ መጠበቅ ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቡድኖች መሀል መንገድ ላይ ክብ ሠርተው ሲጨፍሩ መንገድ መዝጋታቸውን እንኳ አያውቁትም። የሚያሳፍር ነው።

መናገሻ ሱባ ለጉዞው ብቻ ሳይሆን ለዓይንም የሚከፈልበት ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከሰሜን ሸዋው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት ይህ ደን ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ወይራውን፣ ከፍ ሲልም ኮሶውን ይዟል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል፤ ዝም ብሎ ለሚሄድ ድኩላም አይጠፋም። ቡድኑ ስፒከር ከያዘ አንዱም አይገኝም። ስፒከር ይዘን እንመጣለን የሚል አዘጋጅ ለዚህ ደን አይሆንም፣ ይቅርባችሁ። ወደ ወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ሲቀርብ ዛፉ አጥሮ አስታ ይተካዋል፤ ንፋሱም ያን ጊዜ ይጀምራል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ ሰበታ ላይ በቲሸርት የነበረ ሰው ጫፍ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጫፉ ለጀማሪ አይደለም። የደኑ የታችኛው ዙሪያ ግን ለማንኛውም ጤነኛ ሰው ይሆናል።

የረር፣ 3,100 ሜትር ገደማ፣ በምሥራቅ በኩል ብቻውን የቆመ ተራራ ነው። ፈተናው ፀሐይ ነው፤ ጥላ ትንሽ፣ ውሃ ከዚያ ያነሰ። አገልግሎቱ የሚሰጠው ሁለት ሊትር እዚህ አይበቃም። በሰዓት ግማሽ ሊትር ብላችሁ አስሉት፤ ለሰባት ሰዓት ጉዞ ሦስት ሊትር ተኩል ነው። በማሳ መሀል ሲታለፍ በድንበሩ ላይ እንጂ በጤፉ ላይ አይኬድም። ውሻ ሲመጣ አይሮጥም፤ ቆሞ ዱላን መሬት ላይ ማሳረፍና የቤቱን ባለቤት መጥራት ይበቃል። የአካባቢውን ሰው መንገድ መሪ አድርጎ የሚቀጥር አዘጋጅ ይህን ሁሉ ያቀልላል። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ከቀበሌው ፈቃድ ይዞ የሚያልፍ ቡድንና ዝም ብሎ የሚጥስ ቡድን የሚያገኙት ቀን አንድ አይደለም። ፉሪ ለግማሽ ቀን ልምምድ ነው፤ ለረጅም ጉዞ አጭር ነው።

ሰዎች ጉዞውን የሚያቋርጡት በሳንባ ምክንያት ይመስላቸዋል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ግን 2,300 ሜትር ላይ ስለሚተነፍስ ሳንባው ግማሹን ሥራ ቀድሞ ሠርቷል፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። የከተማውን ሰው የሚጥለው እግሩ ነው። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይመረቅም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሥራ ቦታ ይለበስ። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ በጉዞው ካልሲ ነው፤ ከአውራ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ቦታ ይተው፤ አለበለዚያ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል። ሳልባጅ ተራ የሚገኘው የፈረንጅ ቦት ጫማ ጥሩ ቆዳ ይኖረዋል፤ አደጋው በቆዳውና በታችኛው ጎማ መሀል ያለው ስፖንጅ ነው። እርጥበት ዓመታት ሲቆይበት ስፖንጁ ይፈረፍራል፣ ሶሉ ጉዞ መሀል ላይ ሙሉ በሙሉ ይላቀቃል። ከመግዛት በፊት ጎኑን በአውራ ጣት ጥፍር መጫን፣ ጫማውንም ማጠፍ ነው፤ ከተሰነጠቀ ወይም ዱቄት ከወጣው ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። የሚገዛው ሰው የሁለት ሜትር ሲባጎ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ።

ውሃ መቋጠር የሚጀምረው በማቃጠል ነው። በዚያች ደቂቃ ቆሞ፣ አድርቆ፣ ፕላስተር መለጠፍ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። ሰው የማይቆመው ቡድኑ ስለማይጠብቀው ነው፤ ስለዚህ ውሃ የቋጠረ እግር የአዘጋጁም ጥፋት ነው። የጥጥ ካልሲ ላብ ስለሚይዝ ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የሱፍ ወይም የስፖርት ካልሲ ይደረግ፣ አንድ ቅያሪም ለእኩለ ቀን ይያዝ። ለጉልበት ደግሞ ዱላ። ክርን ዘጠና ዲግሪ ሲታጠፍ መዳፍ የሚደርስበት ቁመት ለደልዳላ መንገድ ልክ ነው፤ ለሽቅብ ትንሽ አጠር፣ ለቁልቁለት ትንሽ ረዘም ይበል። በር ላይ ልጆች የሚሸጡት የባሕር ዛፍ ዱላ ከውድ ብረቱ እምብዛም አያንስም።

በምግብ በኩል አገልግሎቱ የሚመሰገን ሆኖ አንድ ስሕተት አለው፦ ምሳውን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያከማቻል። ሆድ ሞልቶ ዳገት መውጣት ያስታውካል። በየሰዓቱ እፍኝ ቆሎ፣ ወይም በማር የታሸ በሶ፣ ወይም ጭኮ ቢበላ ጉልበቱ ቀኑን ሙሉ አይወርድም። ጭኮ በቅቤ ስለሆነ በጾም ቀን አይሆንም። ሁዳዴ ላይ እሁድ የሚጓዝ አዘጋጅ ምሳውን ጾም ማድረጉን አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት። ላብ ሲበዛ ውሃ ብቻ መጠጣት ራስ ምታቱን አያቆምም፤ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. (የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጦ መያዝ ርካሽና አስተማማኝ ነው።

በክረምት ይህን አገልግሎት አንመክረውም። ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ እየተጣበቀ እያንዳንዱን እግር ያከብዳል፣ ቀዩ ያንሸራትታል፣ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓዱ ሸንተረሩ ላይ ያገኛችኋል። ከሄዳችሁ ግን ጂንስና ጋቢ ቤት ይቅሩ። ሁለቱም ጥጥ ናቸው፤ አንዴ ከረጠቡ ሙቀት መስጠታቸው ቀርቶ ሰውነትን ያቀዘቅዛሉ። ሁለት ሜትር ላስቲክ ራስ ላይ መጣል ከሁለቱም ይሻላል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከሸንተረሩ ወርዶ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ርቆ መጠበቅ ነው፤ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀርም።

ከመክፈላችሁ በፊት አዘጋጁን ስለ ፎቶው ሳይሆን እነዚህን ጠይቁ፦ እግር መንገድ የሚጀመረው ስንት ሰዓት ነው? የመመለሻው ሰዓትስ? ሽቅቡ ስንት ሜትር ነው? ደጀኑ ማን ነው? መሀል ላይ መመለስ የሚፈልግ ሰው ማን ይዞት ይመለሳል? ለመጨረሻው ጥያቄ «ማንም አይመለስም፣ እናበረታታዋለን» የሚል ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ጥሩ አዘጋጆች አሉ፤ መልሳቸው አጭርና ቁጥር ያለው ነው። በእኛ ግምት ለእንጦጦና ለሱባ የታችኛው ዙሪያ አገልግሎቱ ባለበት ሁኔታም ክፍያው ይገባዋል፤ ለወጨጫ ጫፍና ለየረር ግን እነዚህን ጥያቄዎች ላላለፈ አዘጋጅ አይከፈልም።

ሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን አስበው ይህን አገልግሎት መለማመጃ አድርገው የሚገዙት ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። የአንድ ቀን ጉዞ ከባዱን ነገር አይፈትንም። ሰው የሚያቋርጠው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ትናንት የታመመው እግር ዳግም ጫማ ውስጥ ሲገባ ነው። አዘጋጆቹ ቅዳሜንና እሁድን አያይዘው ቢሸጡ ትልቅ አገልግሎት ይሆን ነበር፤ እስካሁን ግን በብዛት አይገኝም። ራሳችሁ አድርጉት፦ ቅዳሜ ሱባን፣ እሁድ እንጦጦን፣ ውሃና ልብስ የያዘ 8 ኪሎ ቦርሳ በጀርባ ይዛችሁ፣ መኪናው ውስጥ ሳትተዉት። እሁድ ላይ ፍጥነታችሁ ከቅዳሜው ከሩብ በላይ ካልወረደ ለአራት ቀን ጉዞ ደርሳችኋል። ከዚያ በላይ ከወረደ ቦርሳው ይቅለል፣ ወይም ደባርቅ ላይ ከጠባቂው ጋር በቅሎም ይከራይ፤ በቅሎ ተከራይቶ ሙሉውን መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ጉዞውን ጨርሷል።